ቀይ የተቀባው ክሪክ

ልጄ ትናንት ለትንሿ መኪናው ክሪክ ገዝቶ መጣና ሳሎን መሃል አስቀመጠው። ቀለሙ ገና ይሸታል። ቀይ ቀለም ሲሸተኝ፣ ይሄው ስንት ዘመኔ፣ ሳላውቀው የቀኝ እጄን ጣቶች እጨብጣለሁ። ከተነሳ አይቀር ልንገራችሁ።

ደርግ ጊዜ ነው፣ ናዝሬት። አባቴ አስተማሪ ነበር። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ፊደሉ የታተመ ይመስላል፤ የቀበሌው ማስታወቂያ ሳይቀር በሱ እጅ ነበር የሚጻፈው። ከስንት ሰው እጅ የወጣች አሮጌ ትንሽ መኪና ነበረችው። ክሪክ ሊገዛላት የሄደ ቀን አብሬው ነበርኩ፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለሱቁ የአርሲ ሰው ነው፤ «አካም ጅርታ፣ መምህር!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠውና ሦስት ክሪክ ደረደረለት። አባቴ በያንዳንዱ መኪናዋን ያነሳል፣ ከሥሯ ድንጋይ ይደራርባል፣ ድንጋዩ ላይ ክብሪት ያስቀምጥና ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ሻዩ ሳያልቅ ክብሪቱ ከተጨፈለቀ፣ ያ ክሪክ ዘይት ያፈሳል ማለት ነው።

«መምህር፣ ክሪክ ነው የሚገዙት ወይስ ሚስት እየመረጡ ነው?» አለ ባለሱቁ።

«ሚስትማ ብትከዳኝ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ይሄ ከከዳኝ ላዬ ላይ ነው የሚወድቀው።»

ሦስተኛውን ገዛ። ቤት እንደደረስን የክሪኩ እግር ላይ የስሜን መጀመሪያ ፊደል በሞረድ ቀረጸበት። ጣቴን ሳስኬድበት ጎድጎድ ይል ነበር።

የክርስትና እናቴ ነርስ ነበረች። በዚያ ዘመን፣ ናዝሬት ውስጥ፣ መኪና የምትነዳ ሴት! ጥቁር መነጽሯን አድርጋ በጋሪዎቹ መሃል ስታልፍ ባለጋሪዎቹ ያፏጩላት ነበር። ሳድግ መሆን የምፈልገው እሷን ነበር። ጉዷ አረንጓዴው ክሪኳ ነው፤ ሞጆ መንገድ ላይ መኪናዋን እንደተሸከመ ሁለቴ ሰምጦባታል። «አበልጄ፣ ይሄን ነገር ጣይው፤ ሰው ይገድላል» ይላት ነበር አባቴ። እሷ ደግሞ ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ሌላ ከየት ታምጣ?

ዝዋይ ልትሄድ ስትል የኛን ተዋሰች። በሁለተኛው ሳምንት፣ አባቴ ትምህርት ቤት እያለ፣ ቀይ ቀለም ቀብታ መለሰችው።

«እትዬ፣ ፊደሌስ?» አልኳት።

«ቀለሙ ደፍኖት ነው፣ የኔ ቆንጆ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ የልጄን ፊደል አጠፋች ብሎ እንዳይቀየመኝ። አደራ!» መነጽሯን አውልቃ ዐይኔ ላይ አደረገችልኝና ሳመችኝ።

ከሄደች በኋላ ጣቴን አስኬድኩበት። ልሙጥ ነው። በሞረድ የተቀረጸን ብረት ቀለም እንደማይደፍነው ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ያውቃል፤ እኔም ዐውቄያለሁ። ግን አደራ ብላኛለች። ደግሞ እወዳት ነበር።

አባቴ ሲመጣ አይቶ «አይ አበልጄ!» ብሎ ሳቀ። ክብሪት አላወጣም።

«አባዬ፣ አትፈትነውም?» አልኩት። ያቺን ያህል ሞክሬያለሁ።

«ነውር ነው! አበልጅ የመለሰው ዕቃ ይፈተናል እንዴ? ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከመልካሳ ስንመለስ ጎማ ተነፈሰብን። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። አባቴ ለሌሎቹ ጎማዎች የድንጋይ ታኮ አደረገ፣ መኪናዋን አነሳ፣ የተነፈሰውን አወጣ። አንድ ብሎን ተንከባሎ ከሥሯ ገባ። እጁን ሰደደ። መኪናዋ ድምፅ እንኳ አላሰማችም፤ እንደደከመው ሰው ቁጭ አለች። የጮኸው አባቴ ነው።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደርሶ በራሱ ክሪክ አነሳልን። ከዚያ የኛን አገላብጦ በመፍቻ ፋቅ አደረገው። «እዩት፣ ከሥሩ አረንጓዴ ነው! የትኛው ሌባ ነው የሸጠላችሁ?» አባቴ በሸሚዙ የተጠቀለለ እጁን ታቅፎ አረንጓዴውን አየው።

ክሊኒክ ስንደርስ ተረኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እሷ!

«ውይ አበልጄ! እኔን ይድፋኝ!» አለች። የተጨፈለቁትን ሦስት ጣቶች አጠበች፣ አሸገች። ዐይኔን ግን አላየችም። ስትጨርስ አባቴ «እጅሽ ቀላል ነው፣ አበልጄ። እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ምነው በሰደባት! ከዚያ ወዲያ ቤታችንን አልረገጠችም።

በሳምንቱ የፊደሉን ነገር እያለቀስኩ ነገርኩት። በግራ እጁ ራሴን እያሻሸ «ብትነግሪኝም አልፈትነውም ነበር» አለኝ። ውሸቱን ነው። ሻዩን አስቀድቶ፣ ክብሪቱን አውጥቶ ይፈትነው ነበር። ለኔ ሲል የተናገራትን ውሸት እስኪሞት አልቀየራትም። በግራው መጻፍ ለመደ፤ ፊደሉ ግን የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ሆነ፣ ተማሪዎቹም ይስቁበት ነበር። የክርስትና እናቴን ይቅር ብያታለሁ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። አላልኩም።

ዛሬ ጠዋት ልጄን ግቢ አስወጥቼ በአዲሱ ክሪክ መኪናውን አስነሳሁት። ድንጋይ ደራረብኩ፣ ክብሪት አስቀመጥኩበት፣ ሻይ ቀዳሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አታምኚኝም እንዴ? የልብ ጓደኛዬ እኮ ነው የመረጠልኝ!»

«አንተንማ አምንሃለሁ» አልኩት። ክብሪቱን ግን አላነሳሁም።