የሽታዬ አንገተ መላጣ ዶሮ

ጂንካ፣ አውሮፕላን ሜዳው አጠገብ፣ ሽታዬ ግቢ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ቀለም ነበር። ገብስማው፣ ወሰራው፣ ዛጎልማው፣ ራሷ ላይ ጉትዬ ያሰረች የምትመስለው ጥቁሯ፤ ጠዋት ሁሉም ከቆጥ ሲወርዱ ግቢው የበዓል ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር። ሽታዬ ግን ዶሮ የምታረባው ለመልኩ ብቻ አይደለም። ከምን ምን እንደሚወጣ ማወቅ ትወዳለች። ከነጭ እናትና ከነጭ አባት ጥቁር ጫጩት የተፈለፈለ ቀን ቁርሷን ሳትቀምስ ዋለች።

"ኤርጎ፣ ይሄ ከየት መጣ?" አለችው ባሏን።

ኤርጎ አናጢ ነው። ከመላጊያው ቀና ሳይል፣ "ቅድመ አያቱን መስሎ ይሆናላ" አላት።

"ቅድመ አያቱን የት አውቆት?"

ባልና ሚስቱ ከጎፋ ተነስተው ጂንካ የገቡት በ1986 ዓ.ም. ነው። አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፤ ንብረታቸው አንድ መጋዝና አንድ ፍራሽ። ሽታዬ በከተማው የምታውቀው ሰው አልነበራትም። አንድ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን አንዲት የአሪ ሴት ማንም ያልገዛትን ዶሮ ታቅፋ በራቸው ላይ ቆመች። የዶሮዋ አንገት ላባ የለውም፤ ከጉሮሮዋ እስከ ደረቷ ቀይ ቆዳ ብቻ ነው። ሴትየዋ ኤርጎ የሠራውን በርጩማ በጣቷ አሳየች፤ ዶሮዋን ለሽታዬ አስታቀፈቻትና በርጩማውን ወሰደች። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ሳታውቅ ተሳስቀው ተለያዩ። "ጂንካ የሰጠችኝ የመጀመሪያ ዘመድ" ትላታለች ሽታዬ፣ ያቺን ዶሮ ስታነሳ።

ሰፈሩ ግን አልወደዳትም። አንገተ መላጣ ለበዓል የሚገዛ የለም። ጎረቤቷ ፈቲያ በአጥሩ ላይ አስግጋ፣ "ሽቱዬ፣ ጥንብ አንሳ ማርባት ጀመርሽ እንዴ?" ትላት ነበር። ሽታዬ እየሳቀች ማሽላውን ትበትናለች፤ ታንጎራጉራለች፦

አንገቷ ራቁቱን፣ ነጠላ የሌላት፣
ዝናብ የመጣ ለት ማን ይደርብላት?

የሚደርብላት አላስፈለገም። ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ፤ ከገብስማውና ከዛጎልማው መሃል አንገታቸውን እያሳዩ የሚንጎራደዱት በዙ።

ከዚያ በ2001 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲጀምር ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባ። ዶሮዎቹ አንገታቸው እየተጣመመ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው በየጥጉ ወደቁ። ሰፈርተኛው የተረፈውን ይዞ ወደ ገበያ ሮጠ። ሽታዬ "በሽታ አልሸጥም" ብላ በሯን ዘጋች፤ ኤርጎ ጓሮ ጉድጓድ ሲቆፍር ሰነበተ። ሞቱ ሲያባራ ከዚያ ሁሉ ቀለም የተረፈችው አንዲት አንገተ መላጣ ቄብ ብቻ ነበረች፤ እንቁላል መጣል ገና ያልጀመረች። አውራ የሚባል የለም።

ሽታዬ ከልጅነቷ የሰማችው አንድ ነገር ነው፦ ሴት ዶሮ ቅርጫት ናት፣ መልኩን የሚሰጠው አውራው ነው። ስለዚህ አንገተ መላጣ አውራ ካልተገኘ የዚያች የመጀመሪያ ዘመዷ ዘር እዚችው ቄብ ላይ ሊያበቃ ነው። በአካባቢው የተረፈው ደግሞ ክትባት ያገኘው የፈቲያ ነጭ የፈረንጅ አውራ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። ሽታዬ ቄቧን ዶሮ ቤት ቆለፈችባት።

"ምነው፣ ልጄ አይመጥናትም?" አለች ፈቲያ፣ አውራዋን እያሳየች።

"የልጅሽ አንገት ወፍሯል።"

"ሙሽራዋንስ እዪልኝ! ገና ሳትታረድ ነጭተው የላኩልሽ።"

አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ዶላሞ የሚባል የበና ሰው አንገተ መላጣ አውራ እንዳለው ነገራት። ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ ባዶ ዘንቢል ይዛ ተሳፈረች። ዶላሞን ያገኘችው ፍየል ተራ ጥግ ነው።

"አውራው አለ?"

"ነበረ።"

"ሸጥከው?"

ዶላሞ ራሱን ነቀነቀ። "ትናንት እንግዳ መጣ፤ አረድኩለት። እሱ ላባ ትንሽ ነው፤ ቶሎ አለቀ።"

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ሽታዬ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ግን ያ የማያስቀምጣት የማወቅ ጉጉት መለሳት።

"አባቱስ? አባቱም እንደዚሁ ነበር?"

"አባቱ ቀይ ነው። አንገቱ ሙሉ ነው። እናቱ ናት ላባ የሌላት።"

በመንገዱ ሁሉ ሽታዬ አቧራው ፊቷን ሲያለብሳት አልታወቃትም። እናቱ ናት። እውነት ከሆነ ቅርጫቷ ባዶ አይደለችም ማለት ነው። ደግሞ ሰውየው ተሳስቶስ ከሆነ? ቄቧ አንድ ናት፤ ጭልፊት አለ፣ ፈንግል ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ጂንካ ስትደርስ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄዳ መዝጊያውን ከፈተች።

"ጌታ ሆይ፣ የመጣው ይምጣ፤ እኔ ማየት እፈልጋለሁ" አለች።

ፈቲያ ከአጥሩ ማዶ እልልታዋን አቀለጠችው።

ቄቧ ጣለች፤ ታቀፈች። ሽታዬ እህል ስትሰጣት ትተክዛለች፣ ውሃ ስትሰጣት ትተክዛለች፤ ኤርጎም ጭንቀቷን እያየ መላጊያውን ቀስ አድርጎ ይገፋ ጀመር፣ ዶሮዋ እንዳትደነግጥ። ቅርፊቱ መሰንጠቅ በጀመረ ጠዋት ፈቲያም መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

የመጀመሪያው ጫጩት ደርቆ ብቅ አለ፤ ቢጫ፣ አንገቱ ሙሉ።

"የልጄ ልጅ!" አለች ፈቲያ።

ሁለተኛውም እንደዚያው። ፈቲያ የጓደኛዋን ፊት አይታ ቀልዷን ዋጠች። ሁለቱም የእናቲቱን ክንፍ እያዩ ተቀመጡ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከክንፏ ሥር አንድ ትንሽ ራስ ወጣ። ገላው እንደ አባቱ የነጣ ቢጫ ነው፤ ከራሱ በታች ግን ጽጌረዳ የመሰለ ቆዳ፣ እስከ ደረቱ ድረስ።

"ውይ! ይሄስ ሻሹን ረስቶት መጣ" አለች ፈቲያ።

"ይዛው ነበር" አለች ሽታዬ። "እሷው ናት፤ በሆዷ ይዛው ነበር!"

ከሥሩ ሌላ ራቁት አንገት ወጣ። ሽታዬ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወዲያው፣ ደስታዋ እንኳ ሳይበርድ፣ አንገቱ ሙሉ የሆነውን የመጀመሪያውን ጫጩት አንስታ ዓይኑን ትኩር ብላ አየችው። ከቀሚሷ ጠርዝ ቀይ ክር መዝዛ፣ ሲያድግ እንድትለየው፣ እግሩ ላይ ላላ አድርጋ አሰረችለት።

"አንተስ?" አለችው፤ "አንተስ ምን ይዘህ ይሆን?"