የኮርዶባው ሊቅ በደሳ ላይ

በደርግ ዘመን አሰበ ተፈሪ ታሪክ አስተምር ነበር። ጎረቤት አላጣሁም፤ ያጣሁት ያነበብኩትን የማወራው ሰው ነው። የቀበሌው የውይይት ክበብም ያንኑ መፈክር ደግሞ ደጋግሞ አስጨብጭቦ ይበትነናል። አመሻሽ ላይ ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን በላንድሮቨር ወደ በደሳ ከተማ ሄድኩ። እዚያ ኪታብ የሚያስቀሩ፣ የእስልምና መጻሕፍት የሚያስተምሩ አዛውንት ሼኽ እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ጫት እየቃሙ አገኘኋቸውና ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረው የኮርዶባ ፈላስፋ ጠየቅኳቸው፤ የገዛ ወገኖቹ መጻሕፍቱን ሲያቃጥሉበት፣ በጎረቤት የክርስቲያን መንግሥት ያሉ ሊቃውንት ግን ተርጉመው ስለተጨቃጨቁበት ሙስሊም።

«እኛጋ የሚቀራው እሱ ተቃውሞ መልስ የጻፈበት የሌላ ዓሊም ኪታብ ነው» አሉኝ ለጋውን ጫት እየመረጡልኝ። «የሱን መልስ አላየሁም። አንተ ያንን ንገረኝ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፤ እኔ ይሄን እነግርሃለሁ።»

ደስታዬን አልችለው አልኩ። ከዚያ ወዲያ የበደሳ ገበያ አምልጦኝ አያውቅም።

ለክርስቲያን እንግዳ እንደሚደረገው፣ ዶሮውን አንድ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ባርኮ ያርድልኛል፤ ሚስቱም በራሷ ድስት ትሠራዋለች። ሰውየውን ሁልጊዜ ማስቸገሩ አሳፈረኝና አንድ ቀን «ዛሬስ ዳቦና ማር ይበቃኛል» አልኩ። ጎረቤትየው ሳይጠራ ቀረ። ሳይጠራ ከቀረ እንግዲህ፣ አለ ወሬኛ፣ መምህሩ የሙስሊም ሥጋ በልቷል ማለት ነው!

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ገባ። የጽዋ ማኅበርተኞቼ ተራዬን ዘለሉኝ። ለፋሲካ አከራዬ ሽሮ ላከችልኝ።

«ሥጋችንን አይበሉ ይሆናል ብዬ ነው፣ መምህር» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ። ማርና ዳቦ ነው የበላሁት ብል ማን ሊሰማኝ!

ሼኹም ሰምተዋል። ቀጥሎ ስሄድ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ግባ አላሉኝም።

«በኔ ሰበብ ወገን አጣህ። ሂድ ታረቅ።»

«ግድ የለኝም፣ ሼኽ።»

«እኔ ግድ አለኝ» አሉ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዱዓ አደረጉልኝና ገቡ። መንገዱ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ብቻዬን መብላቱ ሲመርረኝ ታረቅሁ። የንስሐ አባቴ ጠበል ረጩኝ፤ ዳግመኛ ሼኹ ቤት እንዳልረግጥም ቃል አስገቡኝ። ቃል ገባሁ። ማኅበርተኞቹ እልል አሉ፣ ጽዋውን አስጨበጡኝ፣ ከጎኔ የነበረው ሰውዬም ጉልበቴን መታ አድርጎ «አሁን ሰው ሆንክ» አለኝ። የዚያን ቀን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።