ከበሩ በላይ የተሰቀለው ስፒከር

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ስፖንጅ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሶፋ ሲሠራ ስለኖረ ብቻ አይደለም፤ ምንም ነገር ቢጫነው ተመልሶ ቀና ስለሚል ነው። ስሙን ያወጣችለት ራሷ ሚስቱ ናት ይባላል።

እሷ ልብስ ሰፊ ነበረች። የዓይን ግፊት ቀስ እያለ ብርሃኗን ወሰደባት። መጀመሪያ ክር ማስገባት አቃታት፤ ኋላ መርፌውን በጣቷ እንጂ በዓይኗ የማታገኝ ሆነች። አንድ ልጃቸው ደግሞ ሥራ አገኘሁ ብሎ ራቅ ወዳለ አገር ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፋ። አባትየው በልቡ ተስፋ ቆርጧል፤ በአፉ ግን ብሎት አያውቅም። እናትየው አልቆረጠችም።

ድሮ ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተከታታይ ድራማ ያዩ ነበር። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እሱ እያየ ይነግራት ጀመር። "አሁን ልጅቷ ፊቷን አዞረች... አሁን ሰውየው ኮቱን አነሳ..." እሱ ሲናገር የተዋንያኑ ንግግር ያመልጣታል፤ እሱ ዝም ሲል ታሪኩ ያመልጣታል። አንድ ቀን "አንተ እይ፣ እኔ ልተኛ" ብላ ተነሳች፤ ከዚያ በኋላ አብራው አልተቀመጠችም። ጋሽ ስፖንጅን የሚቆጨው ይህ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ምሽታቸው ለሁለት ተከፈለ።

ስለዚህ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ጨዋታ አዋቂ።

"ጋሼ፣ ለእርስዎ ሳውንድባር ይበቃል። አንድ ረጅም ዘንግ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያጋድሙታል፣ አለቀ። ንግግሩን ጥርት አድርጎ ያሰማዎታል።"

"ያኛውስ?"

"ሰራውንዱ? እሱማ ስፒከሩ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ነው። ፊልሙ ውስጥ ሲዘንብ እርስዎ ጃንጥላ ይፈልጋሉ።"

"ዓይን ለሌለው ሰው የትኛው ይሻላል?"

ሻጩ ሳቁን ዋጠ። "እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ጋሼ" አለ።

ጋሽ ስፖንጅ አሰበ። ማየት ያቃታትን ነገር ድምፁ ዙሪያዋን ከቦ ቢያሳያት፣ እሱ ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ይችላል። ሰራውንዱን ወሰደ።

ሳሎናቸው ጠባብ ነው። በገዛ እጁ የሠራው ሶፋ ፊቱ ለቴሌቪዥኑ፣ ጀርባው ለበሩ ነው። የኋላዎቹን ስፒከሮች የት ልስቀል እያለ ብዙ ዞረ። በመጨረሻ አንዱን ጥግ ላይ፣ ሌላውን ከበሩ በላይ ሰቀለ፤ ሽቦውንም እንደ ሶፋ ጨርቅ ግድግዳው ላይ በስቴፕለር መታው።

"ነይማ የኔ እመቤት፤ ዛሬ አልነግርሽም፣ ራስሽ ታይዋለሽ።"

"አፍህን የሚያዘጋልኝ ዕቃ ከተገኘማ ተመስገን ነው!" እያለች ተቀመጠች።

ደስ አላት። ነፋሱ በግራ ሲያልፍ ወደ ግራ ዞረች። መኪና ከኋላዋ መጥቶ ወደ ፊት ሲከንፍ እግሯን ሰበሰበችና በራሷ ሳቀች። ክንዱን ያዘች። እሱም በሆዱ አምላኩን አመሰገነ።

ከዚያ ድራማው ውስጥ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ገባ። ቁልፍ ሲዞር፣ በር ሲከፈት ተሰማ። ጫማ ወለሉን ረገጠ፣ ቆም አለ፣ ደግሞ ረገጠ። ድምፁ የመጣው ከራሳቸው በር ነው።

እጇ ክንዱ ላይ ደረቀ። ባሏ አጠገቧ ነው፤ ታዲያ ቁልፍ ይዞ የሚገባ ሌላ ማን አለ? ብድግ አለች።

"መጣህ?" አለች ወደ በሩ ዞራ። "ግባ እንጂ ልጄ! ምን ያስቆምሃል? አባትህም ይኸው አለ!"

እሱ ሪሞቱን ፈልጎ እስኪያጠፋው ድረስ የሶፋውን ጀርባ እየዳበሰች ደርሳለች። በሩን ነካችው። ዝግ ነው። ግንባሯን አስደግፋ እዚያው ቆመች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "እዚያ መስቀል አልነበረብኝም። ወደ ሌላው ጥግ አዛውረዋለሁ።"

"አታዛውረው፤ ለሱቁ መልሰው። እኔ ቤቴን የማየው በጆሮዬ ነው። ከፊቴ የፈለገው ይጩህ። ከኋላዬ ኮቴ ከሰማሁ ግን ሰው መሆን አለበት። አለዚያ እሱ የመጣ ቀን፣ ድራማው ነው ብዬ ተቀምጬ ብቀርስ?"

ልጁ እንደማይመጣ ሊነግራት አሰበ፤ ግን ወንበር ስቦ ስፒከሩን ማውረድ ጀመረ።

በማግስቱ ሻጩ "ተበላሸ እንዴ ጋሼ?" አለው።

"ዕቃውስ ደህና ነው። ቤታችን ነው ያልቻለው። ያንን ዘንግህን ስጠኝ።"

ሻጩም፣ እግዜር ይስጠውና፣ የተከፈተ ዕቃ ነው ብሎ ሳይከራከር ቀየረለት።

ሳውንድባሩ እንደተባለው ንግግሩ ጥርት ያለ ነው። እሷም ማታ ማታ ትንሽ ትቀመጣለች፤ እሱም ሲያስፈልግ ብቻ ይነግራታል። ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን ከሥራ ሲመለስ፣ እንዳትደነግጥ ብሎ ገና ከደጅ "እኔ ነኝ!" ማለት ለምዶ ነበር። ጥቂት ታገሠችው፤ ከዚያ እጁን ይዛ ለመነችው።

"ተወው፤ ዝም ብለህ ግባ። ቁልፉ ዞሮ አንተ እስክትናገር ድረስ እሱ ይሆናል እላለሁ፤ ከደጅ ስትጣራ ያቺን ተስፋ ትወስድብኛለህ። ደግሞ ያንተ ኮቴ ባዶውን አይመጣም፤ ልጄን ባያመጣ የልጄን አባት ያመጣልኛል።"

አሁን ሳይናገር ነው የሚገባው። ደጁ ላይ ግን፣ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት፣ ትንሽ ይቆማል። "አምላኬ ሆይ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ አምጣው" ይላል። ራሱ አያምንበትም፤ ስለ እሷ ብሎ ግን ይለዋል።