ሚስማር የሌለው አግዳሚ

የወሰዱኝ ሐረር ከማስተምርበት ወርክሾፕ ነው፤ ተማሪዎቼ ፊት። እጄ ላይ ኮላ ነበረ። «ልታጠብ» ብላቸው «እዚያ ትታጠባለህ» አሉኝ። እዚያ የደረስኩት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ የታጠብኩት በአራተኛው ቀን።

ክፍሏ አራት ሜትር በአምስት ናት። ሜትር የሰጠኝ የለም፤ አሥራ አራት ዓመት እንጨት ሥራ ያስተማረ ሰው ግን በዓይኑ ይለካል። ውስጧ ሃያ ሁለት ሰው ነበር፤ እኔ ሃያ ሦስተኛው ሆንኩ። ላቡ፣ የላስቲክ ጫማውና ጥግ ላይ ያለው ባልዲ አንድ ላይ ሆነው በሩ ላይ ተቀበሉኝ። ጥፋቴ በግምገማ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ መጠየቄ ነው። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ስለ መጋዝ እጥረት ነበር፤ መዝገባቸው ላይ ሲደርስ መንግሥትን ስለ መገልበጥ ሆነ። በምላሴ ጦስ ገባሁ። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና ሁልጊዜ የምትፈራልኝም ይህንኑ ነበር።

ፍራሻቸውን ጠቅልለው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ የሐረር ሽማግሌ ናቸው። «ና እዚህ፣ አረፍ በል» አሉኝ። ጀጎል ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ «ሱቅህ ውስጥ የማይሆን ስብሰባ ተደርጓል» ተብለው ከእኔ አምስት ወር ቀድመው ገብተዋል። ሁሉም «ሐጂ» ይላቸዋል፤ እኔም ሐጂ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «መምህር» አሉኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ስሜን በቁጥር ያልለወጠብኝ ሰው ማግኘቴ ትልቅ ነገር ነበር።

ግቢው ውስጥ የተፈረደባቸው እስረኞች የሚሠሩበት የእንጨት ሥራ ክፍል አለ። እኛ የዳኛ ፊት ያላየነው ወደዚያ አይፈቀድልንም ነበር። የቢሯቸው በርና ጠረጴዛ ሲወላልቅ ግን መምህሩን አስታወሱት። ሦስት በርና ሰባት ጠረጴዛ ጠገንኩላቸው። ሥራዬን ሲወዱልኝ አንድ ነገር ለመንኩ፤ ልመናውን ያመጣው የሐጂ ጭንቀት ነው።

የሐጂ ልጅ ልታገባ አንድ ወር ቀርቷታል። የምትገባው ሸዋ በር አካባቢ በተከራዩት ባለ ሲሚንቶ ቤት ነው። ሐረሪዎች በቤታቸው ወንበር አያበዙም፤ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ቀይ አፈር የተቀባ፣ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አላቸው። ነደባ ይሉታል። የኪራዩ ቤት ግን ነደባ የለውም።

«ልጄ ነደባ ላይ ያደገች ናት» አሉኝ ሐጂ። «እንግዳ ሲመጣባት የት ታስቀምጠው? ፕላስቲክ ወንበር ላይ?»

«አግዳሚ ልሥራላት» አልኳቸው። «እንግዳ የሚያይላት፣ ያማረ።»

«ትችላለህ?»

ይህች ጥያቄ አናደደችኝ። የሠራሁትም ግማሹን በዚያ ንዴት ነው።

እንጨቱን ቤተሰባቸው አመጣ፤ ከአያታቸው ቤት የተረፈ የቆየ የዋንዛ ሳንቃ። መጋዝና መሮ እየተቆጠረ ይሰጠኛል፣ እየተቆጠረ ይመለሳል። ሚስማር ግን ተከለከልኩ። «ሚስማር ላልተፈረደበት አይሰጥም» አለኝ ጠባቂው፤ የተፈረደበት ሰው በሚስማር ሰው የማይወጋ ይመስል። እኔም ግድ አልሰጠኝም። ወንዴና ሴቴ አድርጎ፣ የአንዱን ጫፍ ከሌላው ቀዳዳ አጋጥሞ በወይራ ሽብልቅ ማጥበቅ አባቴ ገና በልጅነቴ ያስተማረኝ ነው። ሐጂን «ረዳቴ ናቸው» ብዬ አስፈቀድኩ፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱ የእሳቸው ድርሻ ሆነ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከንቱ አደረግሁት። አግዳሚውን በማስተምርበት መጽሐፍ ልክ፣ ለሚቀመጥ ሰው ጉልበት በሚስማማ ከፍታ ሠራሁና ሐጂን አስቀመጥኳቸው። እግራቸውን ወደ ታች ለቀው ግራ ቀኙን አዩ።

«መምህር፣ ይኼ የክሊኒክ ነው» አሉኝ። «ሰው ተራ የሚጠብቅበት። እኛ ቤት የመጣ ሰው ተራ አይጠብቅም።»

አንድ ቀን አኮረፍኳቸው። በማግስቱ ክፍላችን ውስጥ እግራቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ ለመንኳቸውና ከጉልበት እስከ ጉልበት በሲባጎ ለካኋቸው። ሲባጎው የእኔን መጽሐፍ ውሸታም አደረገው። እግሮቹን አሳጠርኩ፣ መቀመጫውን አንድ ሳንቃ ጨምሬ አሰፋሁት። ሐረር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር የሰዉን አቀማመጥ ሳላይ መቅረቴ አሳፈረኝ።

ነደባ ላይ ደግሞ ሰው እንደ ፈለገ አይቀመጥም። ከፍ ብሎ በሩን የሚያየው ቦታ የቤቱ ታላቅ ነው። «የእርስዎ ቦታ በየት በኩል ይሁን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የሌለ ሰው ቦታ አይሠራለትም። ባዶውን ካዩት ሰርገኛው ሁሉ ስለ እኔ ይጠይቃታል።»

«ይጠይቋት» አልኩ።

በቀኝ በኩል አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መቀመጫ አወጣሁ። ሐጂ ያንን ሳንቃ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለሰልሱት ዋሉ። በመደገፊያው ላይ ባለቤታቸው የሚሰፉትን የሞሰብ ጥለት በከሰል ሣሉልኝ፤ እኔ በመሮ ፈለፈልኩት። በኑግ ዘይት ሳሸው ዋንዛው ቀላ። ከነሽብልቁ ሃያ አንድ ቁራጭ፣ አንድም ሚስማር የለውም። በሕይወቴ ብዙ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ ግን አልሠራሁም። ዙሪያውን እየዞርኩ አየሁት፤ ኩራቴ እንዳይታይብኝ እንኳ አልሞከርኩም።

ሰርጉ እሑድ ነው። ረቡዕ ዕለት የግቢው ኃላፊ መጣና አየው። ከነቡት ጫማው ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ።

«ጎበዝ ነህ» አለኝ። «ማክሰኞ ከበላይ እንግዶች አሉብን፤ ኤግዚቢሽን እናሳያለን። ከዚያ በኋላ ይወጣል።»

«ኃላፊ፣ ሰርጉ እሑድ ነው» አልኩት።

«ሰርግ ያለ አግዳሚም ይሆናል።»

አብሮት የመጣው ጸሐፊ ካርቶን ይዟል፤ በሰማያዊ ቀለም ያማረ ጽሑፍ ተጽፎበታል። «የሙያ ሥልጠና ባገኙ ታራሚዎች የተሠራ» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ የታሰርኩ ዕለት ያን ያህል አልተናደድኩም። በዚያ ከተማ በር የሚገጥሙ፣ ቁም ሣጥን የሚሠሩ ስንቱ ከእጄ ወጥተዋል፤ አሁን ሙያ ያስተማረኝ እስር ቤት ሊሆን ነው።

ለሐጂ ስነግራቸው ብርጭቆ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ኸይር ነው። አላህ ያለው ይሆናል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሰርጉ ላይ ያላቸው ድርሻ ያ አግዳሚ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ ሥራ ክፍሉ ሄድኩ። የእንጨት መዶሻውን አነሣሁና ሽብልቆቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። የሥራ ክፍሉ አለቃ ከሶፊ ገጠር የመጣ፣ በመሬት ጠብ ሰው ገድሎ የተፈረደበት ገበሬ ነው፤ እንጨት ሥራን ከአባቱ የተማረ። ሥራውን አቁሞ ያየኝ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሃያ አንዱም ቁራጭ መሬት ላይ ተደረደረ። ኃላፊው የደረሰው ያኔ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየፈታሁት ነው።»

«መልሰህ ግጠመው።»

«አልገጥመውም፣ ኃላፊ። እኔ ሥልጠና ያገኘሁ ታራሚ አይደለሁም፤ የዳኛ ፊት ገና አላየሁም። እንጨቱን ከፈለጉት ይኸው። አግዳሚው ግን የሐጂ ልጅ ንብረት ነው።»

ኃላፊው ወደ ሶፊው ሰው ዞረ። «አንተ ግጠመው» አለው።

ያ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቡ ስሠራ አይቶኛል፤ ዓይኑን ቢሸፍኑት ይገጥመዋል። አንዱን እግር አነሣ፣ ገለበጠው፣ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ቀስ ብሎም መልሶ አስቀመጠው።

«ጌታው፣ እኔ የማውቀው በሚስማር ነው» አለ። «ይኼ የመምህሩ ነው። አላወቅኩበትም።»

እዚያ የሚሠሩ ሌሎች ሁለት አናጢዎችም ተጠየቁ። ሁለቱም አላወቁበትም። ኃላፊው እንጨቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ካርቶኑን የያዘውንም ጸሐፊ አየ።

«ይኼን ማገዶ ከግቢዬ አውጡልኝ» ብሎ ወጣ።

የእኔ ቅጣት ለአንድ ወር ጠያቂ መከልከልና ሥራ ክፍሉን አለማየት ሆነ። ማገዶው ከሰዓት በኋላ በጋሪ ለሐጂ ቤተሰብ ደረሰ።

ያኔ ሌላ ችግር መጣ። ሰርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሃያ አንድ እንጨት ነው፤ የሚገጥም ሰው የለም። ወረቀት ከግቢው አይወጣም፤ እኔም ጠያቂ የለኝም። ሐጂን ግን ቅዳሜ ልጃቸው ልትጠይቃቸው ትመጣለች።

«በቃል ስጠኝ» አሉኝ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ።

«ሐጂ፣ ሃያ አንድ ቁራጭ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ አይገባም።»

«እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ቁርኣንን በቃሌ ጨርሻለሁ። የአንተ አግዳሚ ከዚያ አይረዝምም።»

ሳቅሁ፤ ከታሰርኩ ወዲህ ከልቤ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዘወዙ ይደግማሉ። የቀኝ የኋላ እግር፣ ሰፊው አፍ ወደ ውስጥ። የታችኛው ማገር፣ ምልክቷ ወደ ግድግዳ። ሽብልቅ፤ እስኪጮህ እንጂ እስኪሰነጠቅ አይመታም። የአሥር ሰዓቱ የአሱር ሶላት ሳይደርስ ጨረሱት። እንዲያውም እኔ ለማጠቃለል ስደግመው አንድ ሽብልቅ ዘለልኩና «መምህር፣ አሥራ አራተኛውን ረሳህ» ብለው አረሙኝ።

ቅዳሜ ጄሪካን ይዤ ውሃ የምቀዳ መስዬ ከሮቶው አጠገብ ቆምኩ። እስረኛና ጠያቂ የሚነጋገሩበት ሽቦ ከእኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ይርቃል። ልጅቷ ሻሿን አጥብቃ አስራ ጣቶቿን በሽቦው ውስጥ አሳልፋለች። ሐጂ በቋንቋቸው፣ በዜማ ይላሉ፤ እሷ ተቀብላ ትደግማለች። ስትሳሳት ያቆሟታል፣ ይመልሷታል፣ እንደገና ትላለች። ልጆች ቁርኣን ቤት የሚማሩት እንዲሁ ነው።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ አንዱ ጠባቂ።

«ተወው፣ ቁርኣን እየቀሩ ነው» አለው ሌላው።

ጄሪካኑ ሞልቶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። የተፈቀደላቸው ዐሥር ደቂቃ አልቆ ሲለያዩ ልጅቷ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሄደች፤ ማንም እንዳያናግራት በእጇ ትከላከል ነበር።

እሑድ ሐጂ ጢማቸውን አሳመሩ፣ የታጠበ ሽርጥ ለበሱ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ክፍሉ ሁሉ እየተነሣ «ሙባረክ» አላቸው። ይግጠም አይግጠም የምናውቅ አልነበርንም። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አግዳሚውን አላነሣንም፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ሽብልቅ በሐሳቤ ስመታ ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐጂ ከሽቦው ተመለሱና ከፊቴ ቆሙ።

«ቆሟል» አሉኝ። «ሰርገኛው ተራ በተራ ተቀምጦበታል። ከፍ ያለውን ቦታ ባዶውን ትታዋለች። የማን ነው ሲሏት፣ የአባቴ ነው፣ እየመጡ ነው ብላለች።»

ይህን ብለው አለቀሱ፤ በሃያ ሁለት ወንድ ፊት፣ ሳይደበቁ። እኔም አለቀስኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለቀስኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በደስታ።

ሐጂ በዓመቱ ወጥተው ብዙ ዓመት በቦታቸው ተቀምጠዋል፤ አሁን በሕይወት የሉም። እኔንም ክስ የሚባል ሳላይ አንድ ጠዋት «ሂድ» አሉኝ። ዛሬ እዚያው ሐረር፣ አቦከር ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ።

ባለፈው ኢድ ልጅቷ ቤት ተጠራሁ። ዛሬ የልጆች እናት ናት። ከፍ ወዳለው ቦታ ስታመለክተኝ «አይሆንም» አልኩ።

«መምህር፣ አባቴ ቢኖሩ እዚህ ነበር የሚያስቀምጡዎት» አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አልታጠፍ አለኝ እንጂ።

የአናጢ አመል አይለቅምና ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁት። ሽብልቆቹ ሁሉ የእኔ ናቸው፤ ወይራው ጠቁሯል። አንዱ ብቻ ነጣ ያለ ነው፤ በቢላ ተጠርቦ፣ ጎኑ ወልገድ ብሏል።

«እሱ ከጋሪው ላይ ወድቆ ጠፍቶ ነበር» አለች አፈር ብላ። «አባቴ ሃያ አንድ ነው ስላሉኝ ቆጥሬ አንድ ጎደለብኝ። ከመጥረጊያ እጀታ በሽንኩርት ቢላ ቀረጽኩት። አሁን በደንቡ ይቀይሩልኝ?»

በአውራ ጣቴ ገፋሁት። አልተነቃነቀም።

«ማንም እንዳይነካው» አልኳት።

ስንት ተማሪ እንዳስመረቅሁ አላውቅም። እሷን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አላየኋትም፤ የተማረችው በሽቦ ማዶ፣ በአባቷ አፍ ነው። ተማሪዎቼን ስቆጥር ግን ከእሷ እጀምራለሁ።