ቅዳሜ የታየው መሠረት

ደባርቅ ላይ፣ ጣሊያን በቆረጠው መንገድ ዳርና ዳር ካሉት የድንጋይ ቤቶች ስድስቱን የገነባሁ እኔ ነኝ። ስንጥቅ የለባቸው፣ ጉብጠት የለባቸው። ሰባተኛው የራሴ ሊሆን ነበር። የሰባተኛውን ነገር ሰው ሲጠይቀኝ «ተወኝ ባክህ» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ ይዤው አልሞትም።

እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን። አገሬው በራሱ አፍ ሌላ ስም ነበረው፤ እሱን አልደግመውም። መንደራችን ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲሄዱ ከመንገዱ በታች ነበር፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ወንዶቻችን ግንበኛና ቀጥቃጭ፣ ሴቶቻችን ሸክላ ሠሪ። ለእጃችን ሥራ ሞልቶ፣ ለእግራችን ግን መቆሚያ አልነበረንም። ርስት የሌለው ሰው ጎጆውን የሚቀልሰው በሰው መሬት ላይ ነው፤ ባለ መሬቱ የተቆጣ ቀን «ተነሥ» ይባላል። አባቴ በዕድሜው ሦስት ጊዜ ጣራውን አፍርሶ፣ ወጋግራውን ተሸክሞ ተነሥቷል። በሦስተኛው እኔም ከነሚስቴ አብሬ ተነሥቻለሁ። እንግዲህ የምመኘው ሀብት አልነበረም፤ ማንም «ተነሥ» የማይለኝን ቤት ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ደባርቅ ላይ ሥራ ሲጀምር አንድ ወሬ ሰማሁ። የከተማ ቦታ ላመለከተ ሰው ሁሉ ይሰጣል፣ ዘር አይጠየቅበትም፤ ብቻ ያለ ፈቃድ አንዲት ድንጋይ ማኖር ክልክል ነው ተባለ። መጀመሪያ ማመልከቻ ይገባል። ቀጥሎ ቦታው ይለካል። መሠረቱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ተቆጣጣሪ ከጎንደር መጥቶ ያያል፣ ፈቃዱም ያን ጊዜ ይጻፋል፤ ቤቱ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ይታያል። የከተማው ሰው በዚህ ምልልስ ሲያማርር እኔ በደስታ ላብድ ደረስሁ። ዕድሜ ልኬን «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስንት ሜትር ትፈልጋለህ?» የሚል ሰው ሲገኝ!

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ፤ መነጽራቸውን በክር አሥረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሽማግሌ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ኋላ ነው በቁጭት የተማርሁ። እሳቸው ጻፉልኝ፣ አነበቡልኝ፣ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። ስሜ ወረቀት ላይ ሲነበብ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «በል እንግዲህ ሂድና ችካልህን ትከል» አሉኝ። ከቢሮው ስወጣ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ማንም ግን አላየኝም።

እዚህ ላይ ወዳጄን ማምጣት አለብኝ። ስሙን አልጠራም፤ ለክብሩ ብዬ አይደለም፣ አፌ እንዳይበላሽ ነው። እህል ነጋዴ ነበር፤ ዕድሜያችን እኩያ ነው። ከስድስቱ ቤቶች አንዱ የእሱ ነው። ቤቱን ጨርሼለት ሲመረቅ፣ ከእነሱ እርድ እንደማንበላ ያውቃልና በግ በቁሙ ከነገመዱ ሰጠኝ። «በሕግህ አርደህ ብላ» አለኝ። እንዲህ ያለ ክርስቲያን አይቼ አላውቅም ነበር። ሌላው ሰው ከሩቅ «አንተ ጠይብ!» ሲለኝ እሱ «ባለ እጄ» ይለኛል። ባለ እጅ ማለት ያው የእጅ ሙያተኛ ማለት ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ቁልምጫ ይመስለኝ ነበር።

መሠረቱን ቆፍሬ እንደ ጨረስሁ ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ተነገረኝ። ቅዳሜ! ክው አልሁ። የእኛ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት አይነድም፣ ዕቃ አይነሣም፣ መንገድ አይኬድም። ጸሐፊውን «አባቴ፣ ወይ ወደ ዓርብ ወይ ወደ እሑድ ቢያደርጉልኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

«ሰውዬው እኮ የሚመጣው ከገበያ መኪና ጋር ነው» አሉኝ። «ዓርብም የለ፣ እሑድም የለ። ባለቤቱ ካልቻለ አንደበት የሚሆነው ሰው መሠረቱ ላይ ይቁምለት።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። በቀጥታ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ ጭንቀቴን ነገርሁት። ሳቀብኝ። «ለዚህ ነው ፊትህ የጠቆረው? እኔ እያለሁ! አንተ ሰንበትህን አክብር፣ እኔ ቆሜልህ እውላለሁ» አለኝ።

«ምን ትላቸዋለህ?» አልሁት።

«ባለቤቱ ሰንበቱ ነው፣ አንደበቱ እኔ ነኝ እላለኋ! ሌላ ምን ይባላል?»

ቦታውን ላሳየው ይዤው ወጣሁ። መሠረቱ ዳር ቆመን «እስቲ ማልልኝ» አልሁት፤ ጠርጥሬው አይደለም፣ ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ነው። «ይህቺ መሬት ትዋጠኝ!» ብሎ ማለ። አልዋጠችውም። እሱ ዋጣት እንጂ።

ያን ሰንበት አካሌ ጸሎት ላይ፣ ልቤ መሠረቱ ላይ ነበር። አምላኬ ይቅር ይበለኝ። እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ገሠገሥሁ። ወዳጄ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ «ተፈቅዷል! ግንባ!» አለኝ። ወረቀቱስ ብዬ ብጠይቀው «ቤቱ አልቆ እስኪታይ መዝገብ ቤት ይቆያል» አለኝ። አመንሁት። በግ በቁሙ የሰጠኝን ሰው ለምን አላምነው?

በጋውን ሙሉ ሠራሁ። የሰው ቤት ስሠራ ያልለፋሁትን ያህል ለፋሁ። ድንጋዩን ራሴ ፈነቀልሁ፣ ራሴ ጠረብሁ፤ ለማዕዘኑ ድንጋይ ብቻ አራት ቀን መሮ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሚስቴ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሯ እየረገጠች ታቦካልኛለች። ከበየዳ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ግን እየዘፈነች ነበር የምትረግጠው። ሸክላዋን የምታደርቅበት አንዲት ጥላ ከጓሮ እንድሠራላት ብቻ ነው የለመነችኝ። ሠራሁላት።

ወዳጄ በየቀኑ ይመጣል። አንዳንዴ ሚስማር ይዞልኝ ይመጣል፣ አንዳንዴ ወሬ። ጸሐፊውም በመንገዱ ሲያልፉ «እንዴት ነው፣ በርታ!» ይሉኛል። አንድ ቀን ወዳጄ የበሩን መቃን በስንዝር ለካና «ባለ እጄ፣ ይኼ በር ጠባብ ነው፤ ሰፋ አድርገው፣ የእህል ጆንያ እንዲገባ» አለኝ።

«እኔ ምን ጆንያ አለኝ?» ብዬ ሳቅሁ።

«እግዜር ያመጣዋል» አለኝ።

አይ ጅልነት! ምርቃት መስሎኝ አሜን ብዬ፣ የጨረስሁትን ግንብ አፍርሼ በሩን በጆንያው ልክ አሰፋሁለት።

ቆርቆሮው ተመትቶ እንዳለቀ ተቆጣጣሪው ለመጨረሻው ፍተሻ መጣ። በዚህ ጊዜ ማክሰኞ ነበር፤ እኔም ቆሜ ጠበቅሁት። ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ የጎንደር ወጣት ነው። ቱምቢውን፣ ያን ጫፉ ላይ ክብደት ያለበትን ገመድ፣ ከማዕዘኑ ላይ ለቀቀ፤ ግድግዳው ከገመዱ ንቅንቅ የለ። ዞሮ ዞሮ አየና «እንዲህ ያለ ግንብ ጎንደርም አላየሁ» አለ። ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋና «ባለቤቱ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ ጌታው» አልሁ።

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ልብሴ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየ። «አንተማ ባለ እጁ ነህ። ይኸው እዚህ ተጽፏል። እኔ የምፈልገው ባለቤቱን ነው።»

ከኋላዬ «አቤት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዳጄ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል። ተቆጣጣሪው ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «እንደምን አደሩ?» አለው። እኔን አንተ፣ እሱን አንቱ።

«ምንድን ነው ይኼ?» ብዬ ጮህሁ። ወዳጄ ወደ ጓሮ ወሰድ አደረገኝና «ባለ እጄ፣ አትጩህ» አለኝ። «ያን ቅዳሜ ሰውዬው ድንገት ‹ባለቤቱ ማን ነው?› ቢለኝ ደነገጥሁ። የአንተን ስም ብጠራ ‹ለእነሱ አይሰጥም› የሚል መሰለኝ፤ ለአንተው ስል ‹እኔ ነኝ› አልሁ። የእኔ ወረቀቱ ነው፣ ቤቱ የአንተ ነው። ግባበት፣ ማን ይከለክልሃል?»

እውነቱን ልናገር፤ ላምነው ነበር። ሆዴ ባባ እንዲያውም። ሰው ወዳጁን ላለማጣት ምን የማያምነው ነገር አለ? «እንግዲያው ለሰውዬው እውነቱን ንገረዋ፣ ይኸውልህ ቆሟል» አልሁት። አንገቱን ደፋ። «አሁንማ ተጽፏል» አለኝ። ያን ጊዜ ሆዴ ጠረጠረ። ተቆጣጣሪውን አንዴ ይታገሱኝ ብዬ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሮጥሁ።

ጸሐፊው መነጽራቸውን ሰክተው መዝገቡን ገለጡ። «የአንተ ማመልከቻ ይኸው» አሉኝ። «‹አመልካቹ ትቶታል› ተብሎ ተዘግቷል። ወዳጅህ መጥቶ ‹ቦታውን ለእኔ ለቆልኛል፣ በባለ እጅነት ሊሠራልኝ ተስማምተናል› አለኝ፤ የራሱን ማመልከቻም ያን ዕለት አስገባ። ኋላ ስትገነባ ሳይህ እውነት ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

«ቅዳሜ ነው የመጣው አባቴ? ተቆጣጣሪው ካየ በኋላ?»

ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኬዱ። «የለም። ከዚያ በፊት ነው። ሐሙስ ይላል።»

ሐሙስ! ረቡዕ ማለልኝ፣ ሐሙስ ጻፈ፣ ቅዳሜ ቆመ። ደንግጦ አይደለም፣ አዝኖልኝም አይደለም። እኔ ሰንበቴን እንዳከብር አደራ ስሰጠው፣ እሱ በሰንበቴ በኩል ገብቶ ዘረፈኝ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ወድቄ አወቅሁት። በድንጋይ ቢመታኝ እንዲያ ባላመመኝ። ጸሐፊው «አፈር ልብላ፣ ምነው አንድ ቀን በጠየቅሁህ!» እያሉ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ተከተሉኝ።

ቤቱ ዘንድ ስንደርስ ጸሐፊው ነገሩን አንድ በአንድ ተናገሩ። ወዳጄ የሚነገረው ስለ ሌላ ሰው ይመስል ወደ መንገዱ ያያል። ተቆጣጣሪው አዳምጦ ሲያበቃ ሰዓቱን አየና እንዲህ አለ፦ «በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ስም ከተገኘ ቦታው ክርክር አለበት። ክርክር ባለበት ቦታ የተሠራ ቤት ይፈርሳል፤ ባዶውን መሬት ይዛችሁ ጎንደር ትሟገታላችሁ። አለዚያም ይኼ ሰው ‹የሠራሁት በባለ እጅነት ነው፣ በቦታው ላይ ጥያቄ የለኝም› ብሎ ያትምና ይዘጋል። ቶሎ በሉ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው።»

ጸሐፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተሟገት ልጄ፣ እኔ እመሰክርልሃለሁ» አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ። እኔ ግን አንጀቴ አሮ ምንም አይሰማኝም። «ይፍረስ!» አልሁ። «ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይሁን! ይፍረስ!»

ተቆጣጣሪው ከመኪናው ቀይ ቀለም አስመጣ፤ የሚፈርስ ቤት የመስቀል ምልክት ይደረግበታል። ብሩሹን ነክሮ ወደ ማዕዘኑ ድንጋይ ሄደ፤ አራት ቀን ወደ ጠረብሁት። እጁ ሲነሣ አየሁ። ያን ጊዜ ወዳጄ፣ ድምፁን እንኳን ከፍ ሳያደርግ፣ «ይተዉት ጌታው፣ ያትማል» አለ። «እኔ አውቀዋለሁ፤ የገዛ ሥራውን አያስፈርስም።»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ቤቱን መውሰዱስ ይሁን፤ ሌባ ይወስዳል። ይኼ ግን ያወቀኝ በወዳጅነት ነው። ድንጋይ ሳንኳኳ አብሮኝ ተቀምጦ፣ የጠመመ ሳፈርስ አይቶ፣ የቀና ሲወጣልኝ ስስቅ አይቶ፣ ልቤ የት ላይ እንዳለ አጥንቶ ያንኑ አንቆ ያዘኝ። ደግሞም ልክ ነበር! ልክ ባይሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ብሩሹ ድንጋዩን ሊነካ ሲል «ተው!» ብዬ የጮህሁት እኔው ነኝ።

ጸሐፊው እያዘኑ ጻፉ፣ አነበቡልኝ። ስሜ አለበት። ጣቴን ነክሬ አተምሁ። ወዳጄ «እግዜር ይስጥህ» አለኝ። መሣሪያዬን ለቅሜ ቁልቁል ወረድሁ።

ሚስቴ ያን ቀን እንደምንገባ አምና፣ ሸክላዋን በጭድ ጠቅልላ፣ አህያ ለምና፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ገና ከሩቅ ስታየኝ ተጣራች።

«ፈረሙልህ?»

«ፈረምሁላቸው» አልኋት።