የሲቲ ስካን ክፍሉ ኤሲ

በሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ሚስማር» ይላታል፤ ቅጥነቷን አይቶ ብቻ ሳይሆን፣ አንዴ ከያዘችው ነገር ንቅንቅ ስለማትል ነው። ሙያዋ ባዮሜዲካል መሐንዲስነት ነው። ራጅ፣ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን መጠገን ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሲቲ ስካን ክፍሉን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። የክፍሉ ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ የነበረበት የግድግዳ ቀዳዳ በካርቶን ተደፍኗል።

«ኤሲው የታለ?»

«ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቷል» አለ የራጅ ባለሙያው አቀርቅሮ። «እንግዳ ስለሚመጣ ነው አሉ።»

ደሟ ፈላ። ወዲያው ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፈች። ጨረር የሚያመነጨው ቱቦ በበሽተኛው ዙሪያ እየተሽከረከረ የውስጥ አካሉን በስሱ እየከፋፈለ ፎቶ ሲያነሳ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ክፍሉ ካልቀዘቀዘ ማሽኑ ይቆማል፣ ሲብስም ይቃጠላል አለች። ሦስት ቀን ጠበቀች። መልስ የሚባል ነገር የለም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከጣሪያ የወደቀ አናጢ በቃሬዛ መጣ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱን ለማየት አስተኙት። ማሽኑ መዞር ጀምሮ ሁለቴ ጮኸና ቀጥ አለ።

«ምነው ቆመ? ወንድሜን ምን አገኘው?» አለች አብራው የመጣችው እህቱ።

ሚስማር አምቡላንስ አስጠራች። አናጢው በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ፣ እሷ የመፍቻ ሳጥኗን አንጠልጥላ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብትላትም በሩን በርግዳ ገባች። ዳይሬክተሩ ብርዱን ሽሽት ኮት ደርበዋል! የኤሲውን ሶኬት ነቀለች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ብሎኑን መፍታት ያዘች።

«አንቺ! አብደሻል እንዴ?»

«እርስዎ ኮት ደርበው ይቀመጣሉ፣ ታች ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ማሽን ይቆምበታል! ከሞቀዎ መስኮት ይክፈቱ!»

«ከሥራ ትባረሪያለሽ!»

«ልባረር። መጀመሪያ ይቺን ልፍታ።»

ለስብሰባው ከመጡት እንግዶች አንዷ ተነስታ ወንበሩን ያዘችላት። ኤሲውን ዘበኛው ተሸክሞ አወረደላት፤ ማሽኑም ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመረ።

በማግስቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በሳምንቱ የአናጢው እህት ደወለች፤ ወንድሟ በቀዶ ሕክምና ተርፏል፣ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ ብሎታል። ምርመራው በመዘግየቱ ይሁን አይሁን ሐኪሞቹም አላወቁም።

የሥራ ባልደረቦቿ «አንበሳ ነሽ!» ሲሏት ትቆጣለች።

«የምን አንበሳ! ሰኞ ዕለት ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ነበረብኝ። ተቀምጬ የደብዳቤ መልስ ስጠብቅ ሦስት ቀን ፈጀሁ።»