ቀልቤና ጓጉንቸሩ

ልጅ ሆኜ ዕቃ ላመጣ ጓዳ ገብቼ ባዶ እጄን ስመለስ እናቴ «ቀልበ ቢስ!» ትለኝ ነበር። እየሳቀች ስለምትለው አይከፋኝም። ጁባ ከመጣሁ ወዲህ ግን ቃሉ እየከበደኝ ሄደ።

ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር ብርድ ልብስና ምንጣፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችን። ለዙህር ሶላት ዘግቼ ቤቴ ደርሼ እመለሳለሁ። «አላሁ አክበር» ብዬ እጄን ደረቴ ላይ ሳሳርፍ ጥያቄው ይመጣል፦ ቆልፌያለሁ? ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ግን ቁልፍ መያዝ ቆለፉ ማለት አይደለም። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። ሦስት ነው አራት? አቋርጬ እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ እንደገና ይጠፋኛል። ስመለስ ደንበኞች ሄደዋል፤ በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው።

ወጥ ሲያርብኝ፣ ቀጠሮ ሲያልፈኝ ያን ያህል አይጨንቀኝም ነበር። ሶላቱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቀልብ የሌለበት ሶላት ምኑ ሶላት ነው? ሱቁን ትቼ ቤት ልቀመጥ ብዬ ቆረጥኩ። ለባለቤቴ ስነግረው «እኔ ካስተም ገበያ ጭነት ሳስወርድ ማን ይቀመጥልናል? መዝጋታችን ነው በያ» አለኝ። እንጀራችን ሱቋ ናትና መሸጤን ቀጠልኩ።

በዚያው ሰሞን ከሶላት ስመለስ ከፊት ለፊታችን ሻይ የምታፈላው የዚሁ አገር ሴት በርጩማዋን የሱቄ ደጃፍ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጓጉንቸሩ ክፍቱን ተንጠልጥሏል። ይኸው፣ የፈራሁት ደረሰ። እሷ ስትጠብቅልኝ ቆይታለች።

«ማሌሽ» አለችኝ፤ አይዞሽ፣ ምንም አይደል ማለቷ ነው።

እንባዬ መጣ። ቀልብ የለኝም ልላት ፈልጌ በተሰባበረ የጁባ ዐረብኛዬ «አና ገልባ ማፊ» አልኳት። ለካ በእነሱ ቋንቋ ገልባ ማለት ደረት ውስጥ የሚመታው ልብ ነው! ሴትዮዋ ክው አለች። ብድግ ብላ መዳፏን ደረቴ ላይ ለጠፈችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ፊ!» ብላ ጮኸች። «ገልባ ታኪ ፊ!» አለ፣ ልብሽ አለ ማለቷ ነው። ሻይ ጠጪዎቿ በሳቅ ፈረሱ። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅኩ።

ይህንኑ የሴቶች ደርስ ላይ ዲን ለምታስተምረን ኡስታዛ አጫወትኳት። ስቃ ስቃ ሲወጣላት «ታዲያ ከእሷ ወዲያ ምን ፈትዋ ፈለግሽ?» አለችኝ። «አንቺ፣ ጸሐፊዎቹን መላእክት አደከምሻቸው እኮ! ለአንድ ዙህር ስንቴ ይጻፉልሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሦስት ነው አራት ካልሽ ሦስቱን ያዢ። እርግጠኛ የሆንሽው በእሱ ነዋ። አንድ ጨምሪ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሱጁድ ውረጂ፣ በቃ። እንደገና መጀመር የሚባል ነገር የለም።»

«በየቀኑም ቢሆን?»

«ስሙ የመርሳት ሱጁድ ነው፣ እህቴ። ሰው የማይረሳ ቢሆን ለማን ይደነገግ ነበር?»

ሱጁዱን በልጅነቴ መድረሳ ተምሬዋለሁ። ግን አልፎ አልፎ ለሚረሳ ሰው እንጂ ለእንደኔ ዓይነቷ የተሰጠ አይመስለኝም ነበር።

አሁን ሱቁን ስዘጋ እጄን ጓጉንቸሩ ላይ ጭኜ፣ ድምፄን ሳልደብቅ «ፊ!» እላለሁ። ምድጃ ሳጠፋም እንዲሁ። ጥያቄው ሶላት ላይ ሲመጣ የገዛ ድምፄ ይመልስለታል፤ እርግጡን መያዝ ማለት ለእኔ ይኸው ሆነ። ባለሻይዋማ መቀለጃ አድርጋኛለች። ጓጉንቸሩን ስነካ ጠብቃ ከማዶ «ገልባስ?» ትለኛለች። «ፊ!» እላታለሁ።

ትናንትም ቁጥሩ ጠፋብኝ። ሦስቱን ይዤ አንድ ጨመርኩ፤ ሁለቱን ሱጁድ ወረድኩ። ግንባሬ ስጋጃውን ሲነካ ልቤ ሲመታ ተሰማኝ። አሰላምቼ ሶላቴን ጨረስኩና ሱቄን ልከፍት ቀስ ብዬ ሄድኩ።